የእረኛው ውሻና የመዥገር ነገር፤ ከሰቆጣ ደጋ የተነሣ ዳሰሳ

የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ታውጆ፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከአገር እንዲጠፋ ከታሰበ አሥር ዓመት ስለ ሞላው፣ ሰቆጣ በምትገኝበት በዋግ ኽምራ ስለ ወተት፣ ስለ ፍየልና ስለ ጓሮ አትክልት ብዙ ሲነገር ሰንብቷል፤ ይህም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ያን ወተት የምትሰጠውን ፍየል፣ ጧት ከበረት ወጥታ ማታ እስክትገባ ድረስ፣ ከእረኛው ልጅ ጋር አብሮ የሚጠብቃት ውሻ መሆኑን፣ ፍየሊቱም ልጁም ውሻውም በአንድ ሣር ውስጥ ሲመላለሱ ሦስቱንም የምትከተል አንዲት ደም መጣጭ ፍጥረት፣ መዥገር፣ መኖሯን የሚያነሣ ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ስለ መዥገርና ስለ መከላከያዋ የሚታወቀውን በምንዳስስበት በዚህ ጽሑፍ፣ ዐይናችንን ይልቁንም በውሻው ላይ ብናሳርፍ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋግ በሰቆጣ ዙሪያ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሚገኘው ደጋ ተነሥቶ እስከ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነው፤ በዝቋላ፣ በአበርገሌና በሰሃላ ሰየምት ቆላ የሚኖረው ሕዝብም ተስፋውን በፍየልና በንብ ላይ የጣለ ነው። መዥገር እርጥበትን ስለምትወድ፣ በበጋ ከድንጋይና ከሣር ሥር ተሸሽጋ ቆይታ ዝናቡ ሲጥል ትወጣለች፤ በክረምትና በመስከረም፣ ሣሩ እስከ እረኛው ጕልበት በደረሰበት ወራት፣ በሣሩ ጫፍ ላይ እግሯን ዘርግታ የሚያልፈውን እንስሳ ትጠብቃለች። በአገራችን ከታወቁት ዓይነቶች አምብሊዮማ ቫሪየጋተም የተባለችው፣ ጀርባዋ ኅብረ ቀለም የሆነው፣ ረጅም አፏን በግት ላይ ስትተክል ቁስል ትታ ስለምትሄድ፣ የጡት ጫፍ እስከ መጥፋት የሚያደርስ ጉዳት ታመጣለች፤ ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ የተባለችው ደግሞ ከእጭነት እስከ ጉልምስና በአንድ ከብት ላይ ስለምትኖር ለመርጨት ትመቻለች። የቀሩትን ዓይነቶች ስም መዘርዘር ለባለሙያዎቹ ይቅር።

በውሻ ላይ የምትገኘው፣ ሪፒሴፋለስ ሳንጉዊኒየስ፣ ጠባይዋ ከእነዚህ ይለያል። እርሷ በሜዳ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥም የምትኖር ናት፤ በዕድሜዋ ሦስት ጊዜ ደም ትጠጣለች፣ በየመካከሉም ከውሻው ወርዳ በግድግዳ ስንጥቅና በወለል ፍርካታ ገብታ ቆዳዋን ትለውጣለች፤ ሴቲቱም ከጠገበች በኋላ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል በዚያው ጥላ ትሞታለች። ምግብ ሳታገኝ ብዙ ወራት ልትቆይ መቻሏም ይታወቃል። የዋግ ቤት ግድግዳው ድንጋይ በሆነበት ስፍራ በድንጋዩና በጭቃው መካከል የሚቀረው ክፍተት ለእርሷ ምቹ ማደሪያ ስለሚሆን፣ ውሻውን ብቻ አጥቦ የተኛበትን ጥግ መተው ድካምን ከንቱ ማድረግ ነው፤ ስንጥቁን በጭቃ መምረግና የተኛበትን ጭድ አውጥቶ ማቃጠል ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ከዚህች መዥገር ለውሻ የሚተላለፉት ደዌያት ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። አንደኛው፣ ዶናቲየንና ሌስቶካር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1935 በአልጄሪያ የለዩት ኤርሊኪያ ካኒስ የተባለ ተሐዋሲ የሚያመጣው ነው፤ ውሻው ትኩሳት ይዞት ይከሳል፣ አንዳንድ ጊዜም ከአፍንጫው ደም ይፈስሳል። ሁለተኛው የባቤዢያ ደዌ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱም ደም መስሎ ይታያል። በመጽሐፈ ጦቢት ከጦብያ ጋር ረጅሙን መንገድ የሄደውን ውሻ የሚያስታውስ ሰው፣ ውሻ በድካሙ ጊዜ ጌታውን ተከትሎ ከመሄድ የማይቀር መሆኑን ያውቃል፤ የታመመው ውሻም እስኪወድቅ ድረስ መንጋውን ይከተላልና፣ ምልክቱን የሚያስተውል ሰው ከሌለ ሕመሙ ሳይታወቅ ይቀራል።

አሁን ከውሻው ደዌ ወደ ሰው ደዌ አልፌ፣ ስለ መዥገርና ስለ ተስቦ ወደ ተነሣ አንድ ክርክር ልግባ፤ ከዚህ ዘርፍ ታሪክ ሁሉ እርሱን ያህል ልቤን የሳበው የለምና። ሻርል ኒኮል የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ የተስቦ ደዌ በቅማል የሚተላለፍ መሆኑን ካረጋገጡና በ1928 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉ በኋላ፣ የደዌው ማደሪያ ሰው ብቻ ነው፣ ቅማል ከጠፋ ተስቦም ይጠፋል የሚለው ትምህርት ጸንቶ ነበር። በ1955 ግን ረይስ ጉትፍሮይንድ የተባሉ ተመራማሪ፣ ከኢትዮጵያ የቤት እንስሳት ደምና ከእነርሱም ላይ ከተለቀሙ መዥገሮች የተስቦን ተሐዋሲ፣ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪን፣ አገኘሁ ብለው ጻፉ። ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ተስቦ ከሰው ሰውነት ውጭ በመንጋችን ውስጥ የተሰወረ ምሽግ አለው ማለት ነበረና፣ የዓለም ሊቃውንት ሳይመረምሩት ሊያልፉት አልቻሉም። ቡርግዶርፈር፣ ኦርምስቢ፣ ሽሚትና ሆግስትራል የተባሉ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን መዥገሮች መርምረው በ1973 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ያወጡት መልስ ግን የተስቦው ተሐዋሲ በውስጣቸው አልተገኘም የሚል ነበር።

ፍርዱ በዚህ ተቈረጠ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ማስረጃው ከኋለኞቹ ጋር እንደሆነ እቀበላለሁ፣ ምንም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2005 በሜክሲኮ አገር በአምብሊዮማ መዥገሮች ውስጥ የተስቦ ወገን የሆነች ሪኬትሲያ መታየቷ ጥያቄውን እንደ ገና ቢያነሣውም። ነገር ግን የጥያቄው ዋጋ በመልሱ አይለካም፤ እነ ቡርግዶርፈር ተስቦን ሲፈልጉ በኢትዮጵያ አምብሊዮማ ውስጥ ሌላ ሪኬትሲያ አገኙ፤ ይህችው በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም የተሰጣት፣ በሰው ላይ ትኩሳትና በተነከሰው ስፍራ ጥቁር ቅርፊት የምታመጣ ተሐዋሲ ናት። ለእረኛው ልጅ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከመንጋው ወደ ሰው የሚሻገር ደዌ መኖሩ ተረጋግጧል፣ ስለዚህም ተሐዋሲውን ልትሸከም የምትችለውን መዥገር በጥፍር መጨፍለቅ የተከለከለ ነገር መሆን ይገባዋል።

መከላከያውስ? ማታ ውሻው ከመንጋው ጋር ሲገባ ባለቤቱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጆሮውን ይገልብጥ፤ በጆሮ እጥፋት፣ በብብት፣ በጣቶች መካከልና በጅራት ሥር ጣቱ ሲያልፍ ደም የጠገበችው መዥገር እንደ ጉሎ ፍሬ ለስላሳና አመድማ ሆና ትገኛለች፣ ገና ያልጠገበችው ግን ከጠጉሩ ሥር ትንሽ ጠጣር ነገር ብቻ ናት። ከቆዳው አጠገብ ይዞ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርጎ መንቀል ይበቃል፤ በእሳት መለብለብ ወይም ላምባ መቀባት መዥገሯን በማስጨነቅ የተበከለ ምራቋን ወደ ቁስሉ ሊያስተፋት ስለሚችል አይገባም። የብዙዎቹ ደዌያት ተሐዋስያን መዥገሯ ከተጣበቀች በኋላ ሰዓታት ቆይተው ስለሚሻገሩ፣ በየማታው መፈተሽ ለድኻ አቅም የተሰጠ ታላቅ መከላከያ ነው።

ስለ መድኃኒቶቹ ባጭሩ ልናገር። ዲያዚኖንና አሚትራዝ ለከብት ርጭት የታወቁ ናቸው፤ ለከብት የተመጠነውን ርጭት ለውሻ እንዳለ መስጠት ግን አደጋ አለው፤ ፐርሜትሪን የተባለው ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከወጡት ክኒኖች አንዱ የሆነው ፍሉራላነር አንድ ጊዜ ቢዋጥ ለሦስት ወር ያህል መከላከሉ እውነት ቢሆንም፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 እነዚህ ክኒኖች መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ማስጠንቀቂያ አውጥቶባቸዋል፣ ዋጋቸውም ለእረኛ ውሻ የታሰበ አይደለም። በብዙ ስፍራ የሚታወቀው ድግጣ፣ ቅጠሉ ተወቅጦ ጭማቂው የሚቀባው፣ በቤተ ሙከራ መዥገርን እንደሚጎዳ የተመሰከረለት ስለሆነ፣ ምርምር ይበልጥ ሊከተለው የሚገባ ይመስለኛል።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት፣ ቀጥሎም በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ዋግን ብዙ ስላደከመው፣ የእንስሳት ጤና ሥራ አሁን ሲታደስ ለውሻ የተለየ በጀት መጠየቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ውሾች በየቀበሌው በሚሰበሰቡበት ቀን፣ መርፌውን የሚወጋው ባለሙያ በዚያው ቅጽበት የእያንዳንዱን ውሻ ጆሮ ቢያይ፣ የመዥገር መፈተሻውንና መንቀያውን ሥርዐት ለባለቤቱና ከአጠገቡ ለቆመው እረኛ በእጁ ቢያሳይ፣ የተገኘችውንም መዥገር በአልኮል ጠርሙስ ጨምሮ ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ቢልክ፣ ለተጨማሪው ሥራ የሚጠየቀው ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ጠርሙስ ብቻ ነው።