«ባትሪው ሲደክም ጭነቱም ይቀልላል»?

ጀልባ ላይ የባትሪ ገመድ ከሚዘረጉ ሰዎች አፍ የማይጠፋ አባባል አለ፦ ባትሪ ሲወርድ ዕቃው የሚስበው ከረንትም አብሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ የደከመ ባትሪ ገመድ አያቃጥልም። ልባሱ ቀልጦ እርስ በርሱ የተጣበቀ ገመድ ባየሁ ቁጥር ከጀርባው ይህን አባባል አላጣውም።

መነሻው ከንቱ አይደለም። ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ ሬዚስታንሱ ካልተለወጠ ቮልት ሲቀንስ ከረንትም ይቀንሳል። ባለክር አምፖል ሲፈዝ የሚስበው ያንሳል። ውኃ የሚቀዳው ፓምፕም ዝግ ብሎ ሲዞር እንደዚያው ነው። በነዚህ ለክቶ የተናገረ ሰው አልዋሸም። ጥፋቱ የለካውን ለሁሉም ማድረጉ ነው።

ጎብኚዎችን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያመላልስ ባለጀልባ ኢንቨርተር አስገጥሞ የ600 ዋት የውኃ ማፍያ ሰካበት እንበል። ማፍያው ራሱ ተራ የሚግል ሽቦ ነው፤ ኢንቨርተሩ ግን ባትሪው ጠገበም ተራበም 220 ቮልቱን ሊያጓድልበት አይፈልግም። የራሱን ብክነት ጨምሮ ከባትሪው 700 ዋት ገደማ ይጎትታል። ባትሪው 12.6 ቮልት ሲሆን ይህ 56 አምፔር ያህል ነው፤ ወደ 10.8 ሲወርድ 65 ይደርሳል። ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ገመድ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በከረንቱ ካሬ ስለሚያድግ ግለቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል።

ገመዱ ቀጭን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይባባሳል። ደርሶ መልስ 8 ሜትር የሆነ 6 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ብንወስድ፣ ባትሪው ጫፍ ላይ 12 ቮልት እያለ ኢንቨርተሩ ዘንድ የሚደርሰው 10.5 አካባቢ ነው። መንገድ ላይ የጠፋውን ለማካካስ ኢንቨርተሩ ይበልጥ ይስባል፤ ይበልጥ በሳበ ቁጥር መንገድ ላይ የሚጠፋውም ይበዛል። ብዙ ኢንቨርተሮች እዚህ ቮልት ላይ ጮኸው ይዘጋሉ። ከዚያ «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ ደህናው ባትሪ ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል፣ ጩኸቱም ይቀጥላል። ፊውዝ ሲቃጠል ደግሞ «ትልቅ አድርግበት» የሚል መካሪ አይታጣም። ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ፊውዙ የተቀመጠው ገመዱን ሊጠብቅ እንጂ ማፍያውን ሊያገለግል አይደለም። ገመዱ ሳይወፍር ፊውዙን ማሳደግ የእሳት በር መክፈት ነው።

የትኛው ዕቃ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በመልኩ አይታወቅም። ሁለት የሚመሳሰሉ ኤልኢዲ መብራቶች አንዱ ቮልት ሲወርድ ይፈዛል፣ ሌላው ውስጡ ባለው መቆጣጠሪያ ብርሃኑን ጠብቆ ብዙ አምፔር ይስባል። በክላምፕ ሜትር ሲለኩት ብቻ ይለያል።

«24 ቮልት ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል» የሚሉም አሉ። ለተመሳሳይ ዋት ከረንቱ ግማሽ ነው፤ ገመዱም ይቀዘቅዛል።

«12 ቮልት ምን ያደርጋል?» በደረቅ እጅ ቢነኩት አይነዝር ይሆናል። በሁለቱ ተርሚናሎች ላይ የወደቀ መፍቻ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር አስተላልፎ ፍም ይሆናል።

ስለ ፓምፑም አንድ ነገር ይቀራል። በደከመ ባትሪ ትንሽ የሚስበው እየዞረ ከሆነ ብቻ ነው። ላስቲክ ወይም የዓሣ መረብ ክር ገብቶበት ከቆመ፣ በደህናው ጊዜ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይስባል። ስለዚህ ፊውዙ አምራቹ ካዘዘው መጠን አይለፍ።