«ውረጂና ቦታ ያዢልኝ» ስትባሉ

ዓርብ ማታ የገበያ ማዕከሉ ፓርኪንግ ሲሞላ፣ ማዳም «ውረጂና ቦታ ያዢልኝ» ማለቷ የተለመደ ነው። እናንተም ሕፃን ታቅፋችሁ ባዶው ቦታ ላይ ትቆማላችሁ። ወዲያው ሌላ ሾፌር መጥቶ ክላክስ ይነፋል። ጠቡ የሁለት መኪና ነው፤ መሐል የቆማችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

እህቶች፣ ከመኪና ስትወርዱ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቁሙ። ወደ ኋላ የሚመጣ ሾፌር ላያያችሁ ይችላል። ቦታውን ከፈለገ «ተፈደል» ብላችሁ ልቀቁለት። ቢሰድባችሁም መልሳችሁ አትሳደቡ፣ በእጃችሁም ምልክት አታሳዩ፤ በኤምሬትስ ስድብ ያስከስሳል። ለማዳም ደግሞ «ኸጢር ዐላ-ልበይቢ» በሏት፤ ለሕፃኑ አደገኛ ነው ማለት ነው። ስለ ልጇ ሲሆን ትሰማለች።

መንገድ ስትሻገሩም መብታችሁን እወቁ። ዜብራ ላይ ቅድሚያው የእግረኛ ነው፤ ያላሳለፈ ሾፌር 500 ድርሃምና 6 ጥቁር ነጥብ ይቀጣል። ካልተፈቀደ ቦታ የተሻገረ እግረኛ ግን 400 ድርሃም ይከፍላል። ከማርች 29 ቀን 2025 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ ደግሞ፣ እንዲህ ተሻግሮ አደጋ ያስከተለ እግረኛ እስራት ወይም ከ5,000 እስከ 10,000 ድርሃም፣ አለዚያም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። «ባቃላ ቶሎ ሂጂ» ብትባሉም እስከ ዜብራው ድረስ ሂዱ።

ሹርጣ ከመጣ፣ ያልገባችሁን የዓረብኛ ወረቀት አትፈርሙ። «ኡሪድ ሙተርጂም» በሉ፤ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ነው። መጠየቅ መብታችሁ ነው።