መዳብ ለምን ይንሳፈፋል፣ ለምንስ ይሰምጣል?

በጣራ ገዳም ግርጌም ሆነ በወረታ፣ በቤቶች ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ በአብዛኛው መዳብ ነው። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ እንጂ የመዳብ ማዕድን አይደለም፤ ሽቦው ከሩቅ ነው የመጣው።

መዳብ በብዛት የሚገኘው ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ነው። ዋነኛው ማዕድን ቻልኮፓይራይት መዳብ፣ ብረትና ድኝ ይዟል። ዐለቱ ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ዛንቴት የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ከሥር አየር ይነፋበታል። ዛንቴት ባንድ ጫፉ ማዕድኑን ይይዛል፤ ሌላው ጫፉ ከውሃ ይሸሻል። ቅቤ የጠጣ ጸጉር ውሃ እንደማይዘልቀው፣ ማዕድኑም ውሃ አልቀበል ብሎ አረፋው ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ተራው ድንጋይ ከታች ይቀራል።

ይህን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አየር ነው። ጥቂት ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ዛንቴት በደንብ አይያዝም። ሲበዛ ግን ከማዕድኑ የወጣው ብረት ዝገት መሰል ሽፋን ሆኖ ፊቱን ይለብሰዋል። ይህ ሽፋን ውሃ ይወዳል፤ ስለዚህ መዳቡ ከድንጋዩ ጋር ይሰምጣል። የወፍጮው የብረት ኳሶችም እየተበሉ ዝገታቸውን ይጨምሩበታል።

የላመ ዱቄት ደግሞ ይብሳል። ጎኑ 1 ሚሊሜትር የሆነ ኩብ፣ ጎናቸው የሚሊሜትር አንድ መቶኛ በሆኑ ኩቦች ቢከፈል 1 ሚሊዮን ይሆናል፤ ለአየር የሚጋለጠው ገጽ 100 እጥፍ ያድጋል። በዚያ ላይ ደቃቁ ቅንጣት ቀላል ስለሆነ ውሃው ይዞት ይሄዳል እንጂ ከአረፋው ጋር እምብዛም አይጋጭም።

ሶዲየም ሰልፋይድ ጨምሮ የተበላሸውን ገጽ በከፊል መመለስ ይቻላል። በእኔ እምነት ግን የሚበልጠው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው፦ ማዕድኑን ክምር ላይ አለማቆየት፣ በማይዝግ ኳስ መፍጨት።

ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ ቢሻ በተባለው የማዕድን ማውጫ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ይህን የአየር ሥራ በሰፊው ሠርታዋለች። አየርና ውሃ የበሉት የላይኛው ክፍል በ2011 እ.ኤ.አ. ወርቅ ሰጠ፤ መዳብ በ2013፣ ዚንክ ደግሞ በ2016 ከሥሩ ተከተሉ። ትግራይ ውስጥ ያለው የተራኪምቲ ክምችትም እንዲሁ ከላይ ኦክሳይድ (ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ)፣ ከታች የድኝ ማዕድን ነው።

እንዲህ ያለ ክምችት ላይ የምትሠሩ ወጣት መሐንዲሶች፣ የቤተ ሙከራ ውጤት ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ ናሙናው ከጉድጓዱ ከወጣ በኋላ ምን ያህል ጊዜ አየር ላይ ቆየ?