ዳዊት መድገምና በራስ ቃል መጸለይ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች ጸሎት ማለት ዐይን ጨፍኖ በራስ ቃል መናገር ነው ብለን እንገምታለን። ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጡት ጓደኞቻችን ግን «ዳዊት ደገምሁ» ይላሉ፤ «አነበብሁ» አይሉም። ክርክር ሲነሣ አንዱ ወገን ሌላውን በሽምደዳ፥ ያኛውም ይህን በለፍላፊነት ይከሰዋል። ነገር ግን የመዝሙሩን አሠራር ሳይመረምሩ መፍረድ የሚገባ አይመስለኝም።

መዝሙረ ዳዊት ግጥም ነው፤ ይሁን እንጂ እንደ አማርኛ ግጥም ቤት አይመታም። የዕብራይስጡ ባለቅኔ አንድ አሳብ ይናገርና በሚከተለው ስንኝ ያንኑ በሌላ ቃል ይደግመዋል፥ ያጸናዋል፥ ወይም በተቃራኒው ይገልጠዋል። ይህም የአሳብ እንጂ የድምፅ ስምምነት ስላልሆነ በትርጕም አይጠፋም፤ በግዕዝም በአማርኛም ይታወቃል። የመጀመሪያው ስንኝ በአፍ ብቻ ያለፈበት ሰው በሁለተኛው ልቡን ለመሰብሰብ ጊዜ ያገኛል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን መዝሙሩ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። በራሳችን ቃል ስንጸልይ እናመሰግናለን፥ እንለምናለን፤ በእግዚአብሔር ፊት ማማረርን ግን እንፈራለን። በግዕዙ አቈጣጠር 21ኛው መዝሙር (በዕብራይስጡ 22ኛው) ስለ መተው በመጮኽ ጀምሮ በምስጋና ይፈጽማል። ክርስቶስም በመስቀል ላይ የጮኸው በዚሁ መዝሙር መክፈቻ ቃል መሆኑን ማቴዎስና ማርቆስ ጽፈዋል። 87ኛው (በዕብራይስጡ 88ኛው) ደግሞ እስከ መጨረሻው በጨለማ ይቀራል፤ ማጽናኛ አይጨምርም። ስለዚህ ልጁን የቀበረ ሰው ይህን ሲደግም ያልተሰማውን ምስጋና እንዲናገር አይገደድም። እኔ በበኩሌ በማኅበር ጸሎት ላይ እንዲህ ያለውን ነገር በራሱ ቃል የደፈረ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

አከፋፈሉም ለጸሎት የተመቸ ነው። 150ው መዝሙራት በ10 በ10 ተከፍለው 15 «ንጉሥ» ይባላሉ፤ ጊዜ ያጠረው ሰው አንድ ንጉሥ ደግሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። (ይህ ዳዊት በ1513 እ.ኤ.አ. በሮማ ታትሞ በግዕዝ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ሆኗል። ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ነበር፤ ቋንቋውንም የተማረው በዚያው በሮማ ከነበረ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ነው።)

የአገራችን ሊቃውንትም በመልክእ ድርሰት ሌላ መንገድ አበጅተዋል። መልክእ ቤት የሚመታ፥ አብዛኛውን ጊዜ አምስት አምስት ስንኝ ያለው ግጥም ሲሆን በ«ሰላም» እየተጀመረ ከስምና ከራስ ጠጕር እስከ እግር ድረስ አካልን በተራ ያወድሳል። መልክአ ኢየሱስን የሚደግም ሰው አሳቡ ቢባዝንበት እንኳ የት እንደ ደረሰ ያውቃል።

ግዕዝ ለማይሰማ ሰው ይህ ሁሉ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ መልሱ ግን መጽሐፉን በአማርኛ መያዝ እንጂ መተው አይደለም። በራሱ ቃል መጸለይ የሚወድ ተማሪም በሁለቱ ስንኞች መካከል ቆም ብሎ የታመመ ዘመዱን ስም ወይም የጨነቀውን ነገር ሊያገባበት፥ ከዚያም ሁለተኛውን ስንኝ ሊቀጥል ይችላል።