አልበራ ያለ ካሜራ

አልበራ ያለ ካሜራ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነስቶ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውንና ሌንሱን እስኪያዳርስ የሚያልፍባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚገኘውም በቀላሉ በሚደረስባቸው ላይ ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ ወይም ማጂ ለሚሠራ ፎቶ አንሺ ይህን ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ካሜራ ልኮ ማስጠገን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ሰርግና ምረቃ ደግሞ ካሜራው እስኪመለስ አይጠብቁም።

በፊልም ዘመን ነገሩ ሌላ ነበር። ዜኒት ኢ የተባለችው የሶቪየት ካሜራ ባትሪ አያስፈልጋትም፤ መዝጊያዋ የሚሠራው በሞላ ነው። ዲጂታል ካሜራ ግን ከተወለደ ጀምሮ ያለ ባትሪ አይንቀሳቀስም። እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ሳሰን ኮዳክ ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 16 ባትሪዎች ተሸክሞ 0.01 ሜጋፒክስል የሆነ ጥቁርና ነጭ ምስል ያነሳ ነበር። ዛሬም ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር፣ ምስሉን የሚያዘጋጀው ፕሮሰሰርና ሌንሱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር የሚነሱት በኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከባትሪው ይጀምራል።

የአብዛኞቹ ትልልቅ ካሜራዎች ባትሪ ሊትየም አዮን ሲሆን 7.2 ቮልት ገደማ ተብሎ ይጻፍበታል። ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ እስከ 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ ቴስተር ያለው ሰው በደቂቃ ውስጥ ሊለካው ይችላል። ባትሪው ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ውስጡ ያለው መከላከያ ራሱን ይቆልፋል። አንዳንዱ ቻርጀር ላይ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ይነቃል፣ አንዳንዱ ግን አይመለስም። ካሜራውን ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ባትሪውን በግማሽ ሞልታችሁና ከካሜራው አውጥታችሁ አስቀምጡት። ከሁሉም የሚበልጠው ሙከራ ግን በደንብ እንደሚሠራ የምታውቁትን ሌላ ባትሪ ማስገባት ነው። ካሜራው በዚያ ከበራ ነገሩ አለቀ።

ባትሪው አልሞላ ካለ ቻርጀሩንና ሶኬቱንም ጠርጥሩ። ብዙ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይችላሉ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ቮልቴጁ በድንገት ከዚያ በላይ ሊዘል ይችላል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ተመልሶ ሲረጋጋ ሰኩት። በባትሪ ድንጋይ ለሚሠሩ ትናንሽ ካሜራዎች ደግሞ አሮጌና አዲስ ድንጋይ ቀላቅሎ መጠቀም ጥሩ አይደለም፤ ደካማው ሁሉንም ይጎትታል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ወደ መገናኛዎቹ እንሂድ። በባትሪውና በካሜራው ላይ ያሉት ትናንሽ የብረት ነጥቦች በላብና በአቧራ ይደበዝዛሉ፤ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ወይም በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ ማጽዳት ይበቃል፤ የላጲሱ ፍርፋሪ ግን ውስጥ እንዳይቀር። ቀጥሎ የባትሪውን ክዳን ተመልከቱ። በብዙ ካሜራዎች ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫነው ትንሽ ማብሪያ አለ፤ ክዳኑ ከላላ ወይም ጥርሱ ከተሰበረ ካሜራው ክዳኑ ክፍት ነው ብሎ ስለሚያምን አይነሳም። የሚሞሪ ክዳንም በአንዳንድ ካሜራዎች እንዲሁ ነው።

ከዚህ በኋላ ሚሞሪውን አውጥታችሁ ሞክሩ፤ የተበላሸ ሚሞሪ ካሜራውን ሊያፍነው ይችላልና። ሌንሱ የሚነቀል ከሆነ ነቅላችሁ አብሩት። ያለ ሌንስ ከበራ ጥፋቱ ከሌንሱ ወይም ከመገናኛው ነው። በትንንሾቹ ካሜራዎች ደግሞ ሌንሱ ሊወጣ ሲል አሸዋ ከያዘው ካሜራው ወዲያው መልሶ ራሱን ያጠፋል። ባትሪውን አውጥቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መመለስም የተጣበቀ ፕሮግራምን ያላቅቃል።

በዚህ አካባቢ ግን ከሁሉ የከፋው ጠላት እርጥበት ነው። ሚዛንና ቴፒ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ። ማጂ ደጋ ናት፤ ከቀዝቃዛው ደጋ ወደ ኦሞ ቆላ የወረደ ካሜራ ሞቃቱ እርጥብ አየር ሲነካው በላዩም በውስጡም ጤዛ ይቋጥራል። መፍትሔው ካሜራውን ከመውረዳችሁ በፊት በደንብ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ከትቶ፣ ቆላ ስትደርሱም የአካባቢውን ሙቀት እስኪለምድ ሳይከፍቱ ማቆየት ነው።

ዝናብ የመታው ወይም ውሃ ውስጥ የወደቀ ካሜራ ከሆነ ለማብራት ፈጽሞ አትሞክሩ፤ እርጥብ ሰሌዳ ላይ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ያቃጥላል፣ ዝገቱንም ያፋጥናል። ባትሪውንና ሚሞሪውን ወዲያው አውጡ፤ ክዳኖቹን ከፍታችሁ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ለቀናት አድርቁት። ሩዝ ውስጥ መቅበር አይጠቅምም፤ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል። ካሜራውን መፍታት ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። ፍላሹን የሚያበራው ካፓሲተር ባትሪው ከወጣ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል እጅን ክፉኛ ይመታል።

ቡና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ ከተከማቸ እንደሚሻግት የበበቃና የቴፒ ሰው ያውቃል፤ ሌንስም እርጥብ አየር ውስጥ ከከረመ ሻጋታ ያወጣበታል። በደንብ የሚገጠም የፕላስቲክ ዕቃና ከጫማ ካርቶን የሚገኙት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ለዚህ መልካም መከላከያ ናቸው። ከረጢቶቹ እርጥበት ሲጠግቡ ግን መተካት አለባቸው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካሜራው ካልተነሳ ወደ ጠጋኝ መሄድ ይገባል። የሞከራችሁትን በዝርዝር ንገሩት፤ ያልተበላሸ ክፍል ከመለወጥና ካላስፈላጊ ወጪ ያድናችኋል። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሚሞሪውን አውጥታችሁ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። የማይበራ ካሜራ ሚሞሪ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ካሜራ ይገዛል፣ ይጠገናል፤ የሰው ሰርግና የልጅ ምረቃ ግን ሁለተኛ አይነሳም፤ ስለዚህ ፎቶ አንሺ አስቀድሞ ማዳን ያለበት ፎቶዎቹን ነው።