«ጀርመን ጓደኛ አይሆንም»፦ ስለ ውጭ አገር ተማሪ ኑሮ የሚወራውና እውነታው

ቪዛ የተመታለት ልጅ መካሪ አያጣም። የአክስት ልጅ ይደውላል፣ የሰፈር ሰው መንገድ ላይ ያስቆማል፣ ቲክቶክ ላይ የሚያወራውም ሳይጠየቅ ያብራራል። «ወፍራም ጃኬት ያዝ» ያለው ልክ ነው፤ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ስለ ሰው ጸባይና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ገጠመኝ ነው፤ አፍ ሲቀያየር ሕግ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጀርመንን እንመልከት። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ከውጭ ተማሪም የትምህርት ክፍያ ስለማይጠይቁ ብዙ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ዓይኑን ይጥልባታል። (ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል።) ወሬውም የዚያኑ ያህል በዝቷል።

የተሳሳተ አመለካከት 1፦ «ጀርመኖች ፊታቸው አይፈታም፤ ጓደኛ አይሆኑም»

እውነታው፦ ጓደኝነት አለ፤ አጀማመሩ ግን ከእኛ ይለያል። እኛ ዘንድ ሰው የሚላመደው በጉርብትና፣ ቡና በመጠራራትና ሳይነግሩ ብቅ በማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ሳይነግሩ ብቅ ማለት ሰው ያስደነግጣል። የክፍል ጓደኛ «የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ይመችሃል?» ሲል አዲስ የመጣ ልጅ እንደ መሸሽ ይቆጥረዋል። ጠያቂው ግን ከልቡ ነው፤ ቀኑን መዝግቦታል፣ በዚያ ቀንም ይገኛል።

ሌላው ነገር፣ ሰዎች የሚቀራረቡት አብረው አንድ ነገር ሲሠሩ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ በቅናሽ የሚያዘጋጁት ስፖርት አለ፤ ከእግር ኳስና ከመረብ ኳስ እስከ ሳልሳ ዳንስ። መዘምራን፣ የቲያትር ቡድንና የእግር ጉዞ ማኅበርም ሞልቷል። መጀመሪያ ቀን ሄዶ ማንም ያላናገረው ተማሪ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ሳይቀር የሚመጣን ሰው ከጊዜ በኋላ በስሙ ይጠሩታል፤ አንድ ቀን ሲቀር ደግሞ «ምነው ጠፋህ?» ይሉታል።

ከሁሉም ቀላሉ አጋጣሚ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያለው የአዲስ ተማሪዎች ሳምንት ነው። ነባር ተማሪዎች አዲሶቹን በትንንሽ ቡድን ከፋፍለው ከተማውን ያስጎበኛሉ፣ አብረው ያመሻሉ። በዚያ ሳምንት ማንም ማንንም ስለማያውቅ ሁሉም ጓደኛ ፈላጊ ነው። የመጸው ሴሚስተር ትምህርት በአብዛኛው የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጥቅምት ወር አጋማሽ ነው። ቪዛው ዘግይቶ በኅዳር የሚደርስ ልጅ ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። በዚህ የተነሳ «ጀርመኖች በየቡድናቸው ተዘጋግተዋል» ቢል አይፈረድበትም፤ ቡድኑ የተሠራው እሱ ከመድረሱ በፊት ነውና።

የተሳሳተ አመለካከት 2፦ «ጀርመን ደቂቃ አያዛንፍም»

እውነታው፦ የእራት ግብዣና የቢሮ ቀጠሮ ላይ እውነት ነው። ለምሽቱ 1 ሰዓት ተጠርቶ 2 ሰዓት ላይ መድረስ ያስቀይማል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ከክፍሉ ሰዓት ጎን «ሲ. ቴ.» ተብሎ ከተጻፈ ትምህርቱ የሚጀምረው ከተባለው ሰዓት 15 ደቂቃ ዘግይቶ ነው፤ «ኤስ. ቴ.» ከሆነ በሰዓቱ ነው። የባቡሩ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የዶይቸ ባን የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ነው። ያውም ኩባንያው ከስድስት ደቂቃ በታች መዘግየትን እንደ መዘግየት አይቆጥርም። ሌላ ከተማ ፈተና ያለበት ተማሪ አንድ ባቡር ቀድሞ ይሳፈር።

የተሳሳተ አመለካከት 3፦ «ስስታሞች ናቸው፤ ጠርተው እንኳ አይከፍሉም»

እውነታው፦ ምግብ ቤት አብረው የገቡ ተማሪዎች ሲወጡ አስተናጋጁ «አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም የየራሱን ቆጥሮ ይከፍላል። «በሞቴ እኔ ልክፈል» ብሎ መጎተት የለም። «ምሳ እንብላ» ማለት አብረን እንሁን ማለት እንጂ እኔ እከፍላለሁ ማለት አይደለም።

ልግስናው የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። በልደት ቀን ኬኩን የሚያመጣውም ሆነ መጠጡን የሚችለው ባለ ልደቱ ነው። ቀኑ ሳይደርስ «እንኳን ተወለድክ» ማለት ግን ገደ ቢስ ነው ተብሎ ስለሚታመን ፊት ያስጨፈግጋል። ቤት ለእራት የተጠራ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ «ምን ይዤ ልምጣ?» ብሎ ቀድሞ ይጠይቃል፤ ሰላጣ አምጣ ከተባለ ሰላጣ ይዞ ይሄዳል። ከእኛ ወገን አንድ ሳህን ምስር ወጥ ይዞ የሄደ ተማሪ ለሚቀጥለው ግብዣ ስሙ ቀድሞ ይጠራል።

የተሳሳተ አመለካከት 4፦ «እንግሊዝኛ ካለህ ይበቃሃል»

እውነታው፦ ለትምህርቱ ሊበቃ ይችላል፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የማስተርስ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ለኑሮው ግን አይበቃም። ከኢንሹራንስ የሚመጣው ደብዳቤ፣ ዶርም በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ፣ ክሊኒክ ስልክ የምታነሳው ሴት፣ ሁሉም በጀርመንኛ ነው። ከዚያ የሚብሰው ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ጨዋታ ነው። አምስት ሰዎች ለአንድ ሰው ሲሉ እንግሊዝኛ ይጀምራሉ፤ አንዱ ቀልድ ሲመጣበት ወደ ጀርመንኛ ይመለሳል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል። አግልለውት አይደለም፤ ሰው የሚስቀው በራሱ ቋንቋ ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው የቋንቋ ትምህርት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣሉ። አገር ቤት እያሉ ቪዛ በሚጠበቅባቸው ወራት መጀመር ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

የተሳሳተ አመለካከት 5፦ «ከሐበሻ ራቅ፤ አለዚያ አገሩን አትለምድም»

እውነታው፦ ይህን የሚመክሩት ራሳቸው የመጀመሪያውን ወር በሐበሻ ትከሻ ያለፉ ሰዎች ናቸው። ጀርመን የገባ ሰው ቤት በያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት፤ ለዚያ የአከራዩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ያለ አድራሻ ብዙ ነገር ይቆማል። ፍራንክፈርት፣ ኮሎኝ፣ በርሊንና ሙኒክ ውስጥ የቆየ ሰው «ይህ ክፍል ማጭበርበሪያ ነው፤ ቤቱን ሳታይ ገንዘብ እንዳትልክ» ብሎ በአንድ ስልክ ያድናል።

ተቃራኒው ምክር፣ «ከሐበሻ ሌላ ሰው የለህም» የሚለውም እኩል ያሳስታል። ቅዳሜና እሁድን ሁሉ ከአገር ልጅ ጋር ብቻ የሚያሳልፍ ተማሪ ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ ለሥራ የሚጠቁመው ጀርመናዊ የክፍል ጓደኛ አይኖረውም። ሁለቱም ወገን ያስፈልጋል።

የተሳሳተ አመለካከት 6፦ «ባህሉም ሃይማኖቱም እዚያው ይቀራል»

እውነታው፦ የዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያ የምግብ ዝርዝር ላይ «ቬጋን» የሚል ምልክት አለ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የሌለበት ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም፣ ሁዳዴንም ለሚይዝ ልጅ ይሆነዋል። «ቬጌታሪሽ» ከሚለው ጋር ግን መምታታት የለበትም፤ እሱ አይብና እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ለሙስሊም ተማሪም ሐላል ሥጋ ማግኘት አይከብድም፤ እዚያ በሚኖሩት ቱርኮች ምክንያት በየከተማው የሐላል ሱቅና መስጊድ አለ። የበዓላቱ ጉዳይ ነው የሚከብደው። ጥምቀት የሚውለው ትምህርት በደራበት ወር ስለሆነ ማንም ዕረፍት አይሰጥም። ክብረ በዓሉ ብዙ ጊዜ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ይዛወራል።

ሻንጣ ሲታሸግ አንድ ነገር ልብ ይባል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ውጤቶችን ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ቋንጣውና የእናት ቅቤ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳሉ። በርበሬና ሽሮ ግን ቅቤ እስካልገባባቸው ድረስ ይህ ክልከላ አይመለከታቸውም።

ቡና የሚያፈላ ደግሞ ጀበናውን ከማውጣቱ በፊት ቀና ብሎ ጣሪያውን ይመልከት። እዚያ የተለጠፈው ነጭ ክብ ነገር የጭስ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በመኝታ ክፍሎች መኖሩ ግዴታ ነው። ክፍል ውስጥ ቡና የቆላና ዕጣን ያጤሰ ሰው ሕንጻውን በሙሉ ሌሊት ልብስ ለብሶ ደጅ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል፤ የእሳት አደጋ መኪና ከመጣ ሂሳቡም ሊጠየቅ ይችላል። መፍትሔው ወጥ ቤት ገብቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ አንድ እፍኝ ብቻ መቁላት ነው፤ ዕጣኑ በረንዳ ላይ። ሽታው ራሱ ሰው ይጠራል። እንግዶቹ ግን አቦሉን ጠጥተው አመስግነው ሊነሱ ይችላሉ፤ ቶናና በረካ እንዳለ፣ ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚወስድ ቀድሞ መንገር ነው። ጨዋታውም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ዝቅ ይበል፤ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በአብዛኛው የጸጥታ ሰዓት ነው።

ደግሞስ ጀርመን ውስጥ የኢትዮጵያ ባህል እንግዳ ነው ያለው ማን ነው? የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ሮም ላይ ከጀርመናዊው ምሁር ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋውቀው እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ከተማ ድረስ ሄደዋል። ሉዶልፍ አማርኛ የቀሰመው፣ ግዕዙንም ያዳበረው ከእሳቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውም የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 በርሊን ሄደው ግዕዝና አማርኛ አስተምረዋል። ሁለቱም ጀርመን የገቡት የሚያስተምሩት ነገር ይዘው ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 7፦ «ጀርመን ገብቶ ብር አጣሁ ይላል?»

እውነታው፦ ይህ ወሬ ተማሪውን ከቤተሰቡ ስልክ ያስሸሻል። ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ቪዛ ለማግኘት በተዘጋ ሂሳብ፣ ተማሪዎቹ «ብሎክድ አካውንት» በሚሉት፣ ለዓመት 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የተተመነው ነው። ሲደርስ የሚለቀቅለት በወር 992 ዩሮ ነው። የቤት ኪራይ፣ የጤና መድን፣ ምግብና ትራንስፖርት የሚሸፈነው ከዚያ ነው። ሲላክለት ደመወዝ የሚመስለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ራሱ ያስቀመጠው ነው።

መሥራት ይፈቀድለታል፤ ገደብ ግን አለው። ከመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። ገንዘብ ለመላክ ብሎ የሌሊት ፈረቃ የሚደራርብ ልጅ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን የግዴታ ፈተና ሦስት ጊዜ መውደቅ ደግሞ ከትምህርቱ ሊያሰናብት ይችላል። መጀመሪያ የሚሠዋው ማኅበራዊ ኑሮው ነው፤ ቅዳሜ ሥራ፣ እሁድ እንቅልፍ። ስለዚህ ቤተሰብ ገና ከመነሻው «እስክትመረቅ አንጠብቅም» ቢለው ትልቅ ሸክም ያራግፍለታል።

የተሳሳተ አመለካከት 8፦ «ዘረኝነት የለም» ወይም «ሁሉም ዘረኛ ነው»

እውነታው፦ ሁለቱም ነገሩን ያድበሰብሱታል። ስሙን ሲያዩ ክፍሉ ተይዟል የተባለ፣ ባቡር ውስጥ ተመርጦ መታወቂያ የተጠየቀ ተማሪ «የለም» ሲባል ያመዋል። በአንጻሩ በር ላይ ሰላም ያላለ ጎረቤት ሁሉ ዘረኛ አይደለም፤ ለጀርመናዊ ጎረቤቱም ሰላም አይልም። በሥራና በቤት ኪራይ አድልዎ የደረሰበት ሰው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሚሠራ የእኩል አያያዝ ሕግ አለው፤ የፌዴራሉ ፀረ አድልዎ ቢሮም በነጻ ያማክራል። አቤቱታ የማቅረቢያው ጊዜ አጭር ስለሆነ ቀኑን፣ የተባለውን ነገርና የምስክር ስም ያኔውኑ መጻፍ ያስፈልጋል።

የተሳሳተ አመለካከት 9፦ «ብቸኝነት የደካማ ሰው ነው»

እውነታው፦ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ወር ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይጨልማል። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። የዶርሙ ልጆች ለገና ወደየቤተሰባቸው ሲበተኑ ኮሪደሩ ባዶ ይሆናል። ይህ ጠንካራውንም ሰው ይከብደዋል። በየዩኒቨርሲቲ ከተማው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅቶች የሥነ ልቦና ምክር ይሰጣሉ፤ በአብዛኛው በነጻ ነው፣ ምስጢርም ይጠበቃል፣ ብዙ ቦታ በእንግሊዝኛም ይሰጣል። እዚያ የሄደ ተማሪ አብዷል የሚለው ወሬ ከወሬዎቹ ሁሉ ጎጂው ነው፤ በጊዜ ሄዶ ሊፈታ የሚችለውን ነገር ሴሚስተር እስኪያበላሽ ያቆየዋል።

ምክር ሲመጣ መስማት አይከፋም። መካሪውን ግን መልሶ መጠየቅ ነው፦ የትኛው ከተማ ነበርክ? በስንት ዓመተ ምሕረት? ዶርም ነበርክ ወይስ ዘመድ ቤት? ቋንቋውን ምን ያህል ተማርክ? ትምህርት ሲጀመር ደርሰህ ነበር? መልሱ ሲሰማ፣ ስለ ጀርመኖች የተባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ስለ ተናጋሪው የመጀመሪያ ስድስት ወር ሆኖ ይገኛል።