የእጅ ጭብጥ እንዴት ይጠነክራል?

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ገበያ ጆንያ የሚያነሳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ወገቡ ገና አልደከመም። እግሩም ይችላል። ጣቶቹ ግን ቀድመው ይከፈቱና ጆንያው ይወድቃል። እንጨት የሚፈልጥ ሰውም ጭብጡ ሲላላ የመጥረቢያው ዛቢያ ያመልጠዋል። አጠገቡ ልጅ ቆሞ ቢሆንስ? ስለዚህ ጭብጥ ለሥራም ለደኅንነትም ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህ ኃይል ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ከጣት ይመስለዋል። እስቲ በግራ እጅዎ የቀኝ ክንድዎን ከክርን ዝቅ ብለው ይያዙት። አሁን ቀኝ እጅዎን አጥብቀው ይጨብጡ። ሥጋው ሲወጠር ይሰማዎታል። ጣትን የሚያጥፉት ትልልቅ ጡንቻዎች እዚያ ናቸው። በሬ ከፊት ሆኖ በሞፈር ማረሻውን እንደሚጎትት፣ የክንድ ጡንቻም በጅማት ጣትን ይጎትታል።

በየከተማው ወጣቶች ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ ብረት ተክለው ያነሳሉ። ይህ ክብደት ማንሳት የሚባል ስፖርት ነው። በ1888 ዓ.ም. አቴና ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክም ነበረ። የሠለጠኑ ስፖርተኞች አውራ ጣታቸውን በብረቱና በሌሎቹ ጣቶች መካከል ያስገባሉ። ብረቱ ሊሽከረከር ሲል አውራ ጣት ይቆልፈዋል።

ጭብጥን ለማጠንከር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

አንደኛ፣ ሁለት ጀሪካን ይውሰዱ። በእያንዳንዱ 10 ሊትር ውሃ ያድርጉ። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው፣ በሁለት እጅዎ አንጠልጥለው እስከ 30 ይቁጠሩ። ያስቀምጡና 2 ደቂቃ ይረፉ። ይህን 3 ጊዜ ያድርጉ። እስከ 60 መቁጠር ሲቀልዎት 1 ሊትር ይጨምሩ።

ሁለተኛ፣ የታጠበ ጋቢ ሲጨምቁ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ይጠምዝዙ።

ሦስተኛ፣ እጅዎን ስንዴ በሞላበት ባልዲ ውስጥ ከተው ጣቶችዎን ይዘርጉ። እጅን የሚዘረጉት ጡንቻዎች አንጓውን ደግፈው ስለሚይዙ እነሱም መጠንከር አለባቸው።

ይህን በሳምንት 3 ቀን፣ አንድ ቀን እየዘለሉ ይሥሩ። ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነውና። በእርሻና በአጨዳ ወቅት እጅ በቂ ሥራ ስላለው ይቀንሱ። ክርንዎን ካመመዎት ያቁሙ። ጣትዎ ሌሊት የሚደነዝዝ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የጭብጥ ነገር በሸክም ብቻ አያበቃም። በ2007 ዓ.ም. በ17 አገሮች ወደ 140,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። ጭብጣቸው የደከመ ሰዎች ቶሎ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ማለት ጭብጥ ብቻውን ዕድሜ ይጨምራል ማለት አይደለም። ጭብጥ ግን የመላ ሰውነትን ጤና ያመለክታል። እንስራውን ታነሳ የነበረች እናት ዛሬ ጀበናው ከእጅዋ የሚወድቅ ከሆነ፣ እርጅና ነው ብለን መተው የለብንም። ብናስመረምራት ይሻላል።

ጭብጡ የጠነከረ ሰውም ቢሆን 100 ኪሎ ኩንታል ብቻውን አያንሳ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ጎረቤቱን ይጥራ።